የቤት ዕቃ መጋጠሚያና የነጋዴው ስም

የቤት ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣም ሆነ በአገር ውስጥ አሠርቶ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዕቃውን ሲረከብ በመጀመሪያ የሚመለከተው ቅርጹንና ቀለሙን ነው። ገዢውም ከዚህ የተለየ ዐይን የለውም። ይሁን እንጂ አንድ ወንበር ሃያ ዓመት የሚያገለግል ወይም ዓመት ሳይሞላው የሚናጋ መሆኑን የሚወስነው፣ እግሩና አግዳሚው በተገናኙበት ስፍራ ተሰውሮ የሚገኘው መጋጠሚያ ነው። ቀለም ጉድለትን ለጥቂት ወራት ይሸፍናል፤ መጋጠሚያ ግን የሠሪውን ሙያና የሻጩን ታማኝነት ውሎ አድሮ ይገልጣል።

በንግድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው የደንበኞችን ደብዳቤ አስቀድሞ የሚያነብ ስለ ሆነ፣ የቤት ዕቃን የሚመለከት አቤቱታ በየትኛው ወቅት እንደሚመጣ ያውቃል። በክረምት የተሸጠ ጠረጴዛ ከኅዳር ወዲህ ፊቱ ይሰነጠቃል፤ በነሐሴ አልከፈት ያለ መሳቢያ በጥር ከቦታው ላልቶ ይንቀጫቀጫል፤ ወንበሩም ሲቀመጡበት ይጮኻል። ደንበኛው ተታለልሁ ይላል፤ ነጋዴው አናጢውን ይወቅሳል፤ አናጢውም እንጨቱን ይከሳል። ከሦስቱ ወገኖች ግን ክርክሩን የሚዘጋ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ አይገኝም። ምክንያቱም ዕቃው ሲታዘዝ ስለ እንጨቱ ድርቀትና ስለ መጋጠሚያው ዐይነት በወረቀት ላይ የሰፈረ አንዳች ቃል ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የሚቀርበው ነጋዴ ሁሉ አናጢ ይሁን በማለት አይደለም። ነገር ግን ቡና የሚነግድ ሰው ቡናን በሽታውና በጣዕሙ ለይቶ እንዲያውቅ እንደሚገባው ሁሉ፣ የእንጨት ዕቃና የእንጨት መሥሪያ መሣሪያ የሚነግድም ሰው የመጋጠሚያን ሙያ መሠረት ሊያውቅ ይገባዋል።

የሙያው ጥንታዊነት

እንጨትን ከእንጨት ጋራ ማጋጠም ከሰው ልጅ ሥራዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በዛምቢያ በካላምቦ ፏፏቴ አጠገብ የተገኙት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቦርቡሮ እንዲቀመጥ የተደረጉ ሁለት ግንዶች 476 ሺሕ ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. አስታውቀዋል። በ1946 ዓ.ም. በግብጽ ከታላቁ ፒራሚድ አጠገብ የተገኘው የንጉሥ ኩፉ መርከብም 43 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ሳንቃዎቹ የተያያዙት በወንዴና ሴቴ መጋጠሚያና በገመድ ነው።

በአገራችንም በደብረ ዳሞና በይምርሐነ ክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናት እንጨትና ድንጋይ በየተራ ተደራርበው ግድግዳ ሆነው ይታያሉ። በደብረ ዳሞ ከግድግዳው ወጣ ብለው የሚታዩት፣ የዝንጀሮ ራስ የሚባሉት የእንጨት ጫፎች፣ ግድግዳውን ሰንገው የሚይዙ ማሠሪያዎች ናቸው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ደግሞ መጋጠሚያ የለውም፤ የሚላላ ነገር ስለሌለበትም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ዛሬ በየዐውደ ጥበቡ የሚነገሩት ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ኮላ፣ ሞርሳና ስኳድራ የተባሉት ቃላት ከጣልያንኛ የተወሰዱ መሆናቸውም የዘመናዊው አናጢነት አንዱ መንገድ በየት በኩል እንደ ገባ ያሳያል።

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ይንቀሳቀሳል

የመጋጠሚያን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ የእንጨትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። እንጨት ከተሰነጠቀና ከተላገ በኋላም ቢሆን ከአየሩ እርጥበት ሲቀበልና ሲሰጥ ይኖራል። እርጥበት ሲቀበል ይሰፋል፤ ሲሰጥ ይጠብባል። ይህ ለውጥ በሁሉም በኩል እኩል አይደለም። በርዝመቱ በኩል ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አይታይም፤ በስፋቱ በኩል ግን ብዙ ነው። ይልቁንም የዕድሜ ቀለበቱን ተከትሎ የሚሆነው መጥበብ፣ ከግንዱ ልብ ወደ ልጡ በሚወስደው አቅጣጫ ከሚሆነው እጥፍ ያህል ይደርሳል።

ለምሳሌ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ እርጥበቱ ከመቶ 16 እጅ ወደ ከመቶ 10 እጅ ሲወርድ፣ እንደ እንጨቱ ዐይነትና እንደ አሰነጣጠቁ ቢለያይም፣ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሊጠብብ ይችላል። 4 ሚሊ ሜትር ለዐይን ጥቂት ነው። ነገር ግን ዙሪያውን በምስማርና በኮላ ተጨንቆ የታሰረ የጠረጴዛ ፊት ይህን ያህል መጥበብ ሲከለከል፣ ከመሰንጠቅ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። በሐምሌና በነሐሴ እርጥብ አየር የተሠራ ዕቃ በበጋ የሚሰነጠቀው፣ ወይም እርጥበት ከሚበዛበት የባሕር ዳርቻ አገር ተሠርቶ የመጣ ዕቃ በደጋው አየር የሚላላው በዚህ ምክንያት ነው።

ብልህ አናጢ ይህን እንቅስቃሴ ለማስቆም አይሞክርም፤ መንገድ ይሰጠዋል እንጂ። የጠረጴዛውን ፊት ከአግዳሚው ጋራ የሚያገናኘው በቦይ ውስጥ ወዲያና ወዲህ በሚሄዱ ትንንሽ የእንጨት መያዣዎች ነው። የበሩንም መካከለኛ ሳንቃ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ በነፃ ያስቀምጠዋል። ነጋዴው ጠረጴዛውን ገልብጦ የታችኛውን አሠራር ቢመለከት፣ አናጢው ይህን ያውቅ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ወዲያውኑ ይረዳል።

የእንጨትን ድርቀት ለማወቅ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። ከሳንቃው ጫፍ ገባ ብሎ ትንሽ ቁራጭ ይወሰድና ይመዘናል፤ ከዚያም 100 ዲግሪ ከፍ ባለ ሙቀት ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ በምድጃ ይደርቃል። መጀመሪያ 115 ግራም የነበረው ቁራጭ ደርቆ 100 ግራም ከሆነ፣ የእርጥበቱ መጠን ከመቶ 15 እጅ ነው። በደጋው አገር ለቤት ውስጥ ዕቃ ከመቶ 10 እስከ 12 እጅ የሆነ እንጨት መልካም ነው።

ከእንጨቶቻችን መካከል ዋንዛ ለመላግ የሚመችና ጠባዩ የረጋ በመሆኑ ለቤት ዕቃ ከጥንት ጀምሮ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን ዐዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ በኋላም ስለ ደን ሌሎች ዐዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል። ለማደግ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት የፈጀ ዛፍ በመጥፎ መጋጠሚያ ምክንያት በሁለት ዓመት ውስጥ ማገዶ ሲሆን ጉዳቱ የአንድ ደንበኛ ብቻ አይደለም።

ዋና ዋናዎቹ የመጋጠሚያ ዐይነቶች

ከሁሉ ቀላሉና ደካማው ጫፍ ከጎን ጋራ ገጥሞ በምስማር መምታት ነው። የእንጨት ጫፍ እንደ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ስብስብ ስለ ሆነ ኮላውን መጥጦ ይጨርሰዋል፤ ምስማሩም በክሩ መካከል ስለሚገባ አጥብቆ አይይዝም። ለዕቃ ማሸጊያ ሣጥን ይበቃል፤ ለወንበር ግን አይበቃም።

ሁለተኛው ሁለቱን እንጨቶች ግማሽ በግማሽ በልቶ አንዱን በሌላው ላይ ማስቀመጥ ነው። የኮላው ፊት ሰፊ ስለሚሆን ለክፈፍና ለመስቀለኛ ድጋፍ ያገለግላል።

ሦስተኛውና የቤት ዕቃ ሁሉ አለቃ ሊባል የሚገባው የወንዴና ሴቴ መጋጠሚያ ነው። በአንዱ እንጨት ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይቦረቦራል፤ የሌላው ጫፍ ደግሞ በጉድጓዱ ልክ ምላስ ሆኖ ይወጣል። የምላሱ ውፍረት በተለመደው ደንብ ከእንጨቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ከዚህ ከበለጠ የሴቴው ግድግዳ ይደክማል፤ ካነሰም ምላሱ ራሱ ይሰበራል። በምላሱ ሥር ዙሪያውን የሚቀረው ትከሻ በእግሩ ላይ ተደግፎ ወንበሩ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ ይጠብቀዋል። ኮላውም በረጅሙ የእንጨት ክር ላይ ስለሚያርፍ አጥብቆ ይይዛል።

አራተኛው ጫፉ ሰፍቶ ሥሩ የጠበበ፣ እንደ ወፍ ጅራት ያለ መጋጠሚያ ሲሆን ዋና ቦታው የመሳቢያ ማዕዘን ነው። መሳቢያ በተሳበ ቁጥር የፊት ሳንቃው ከጎኑ ለመለየት ይጎተታል፤ የወፍ ጅራቱ ቅርጽ ግን ወደዚያ አቅጣጫ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ዝንባሌው ለለስላሳ እንጨት 1 ለ6፣ ለጠንካራ እንጨት 1 ለ8 ይደረጋል።

አምስተኛው ክብ ቀዳዳ በስቶ የእንጨት ችንካር ከኮላ ጋራ ማስገባት ነው። በማሽን ፈጥኖ ስለሚሠራ በፋብሪካዎች ዘንድ የተወደደ ነው። ይሁን እንጂ ቀዳዳዎቹ በሁለቱም እንጨቶች ላይ በትክክል ፊት ለፊት መሆን አለባቸው፤ ጥቂት ቢሳሳቱ ችንካሩ ይጨነቃል ወይም ክፍተት ይተዋል።

ቺፑድና ኤም ዲ ኤፍ የተባሉት የተጨመቁ ሰሌዳዎች እንደ ደኅና እንጨት ረጅም ክር ስለሌላቸው ለእነዚህ መጋጠሚያዎች አብዛኞቹ አይስማሙም፤ የሚያያዙት በልዩ የብረት ማያያዣና በብሎን ነው። ብሎኑ ደጋግሞ ሲፈታና ሲታሠር መያዣው ይላላል። ይህ ማለት ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋው ረከስ ያለ፣ ለማጓጓዝም የተመቸ ነው። ነገር ግን ሻጩ ለገዢው ቤት በለወጠ ቁጥር የሚፈታ ዕቃ አለመሆኑን አስቀድሞ ቢነግረው ስሙን ያተርፋል።

በእጅ መሣሪያ መማር

ይህን ሙያ ለመማር የሚፈልግ ሰው፣ ወይም ወጣት ሠራተኛ ለማስተማር ያሰበ የዐውደ ጥበብ ባለቤት፣ በእጅ መሣሪያ እንዲጀምር ይመከራል። ለመጀመሪያ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፤ ይኸውም ጥሩ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ስፋታቸው የተለያየ ሦስት ወይም አራት መሮ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ስኳድራ፣ መስመር ማውጫ፣ ሞርሳና የመሳያ ድንጋይ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት መሣሪያን መሳል ነው። የመሮና የመላጊያ ስለት በተለመደው አሠራር 25 ዲግሪ ሆኖ ይሞረድና ጫፉ ብቻ በ30 ዲግሪ በድንጋይ ይሳላል። የደነዘ መሮ ኃይል ስለሚጠይቅ ከተሳለው ይልቅ ያመልጣል፤ እጅንም ያቆስላል።

ሁለተኛው አንዱን የእንጨት ፊትና አንዱን ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ልጎ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ልኬት ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ ከሁለቱ ብቻ ነው። አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ የሚለካ ሰው ስሕተቱን ሲደምር ይውላል። ትከሻው የሚቆረጥበት መስመርም በእርሳስ ሳይሆን በቀጭን ስለት ይሠመራል፤ የእርሳስ መስመር ወፍራም ነው፤ የስለት መስመር ግን ለመሮው መነሻ ይሆነዋል። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ የሚለው ያባቶች ምክር የሚሠራው በዚህ ሰዓት ነው።

ሦስተኛው መቁረጥ ነው። መጋዙ የሚሄደው በመስመሩ ላይ ሳይሆን በሚጣለው በኩል መስመሩን ታክኮ ነው። በወንዴና ሴቴም መጀመሪያ የሚቦረቦረው ሴቴው ነው፤ ምክንያቱም የጉድጓዱን ስፋት የሚወስነው የመሮው ስፋት ሲሆን፣ ምላሱን ግን በኋላ ጥቂት በጥቂት እየላጉ ከጉድጓዱ ጋራ ማስማማት ይቻላል። ትክክለኛ ግጥም በእጅ ግፊት ወይም በቀላል የመዶሻ ምት የሚገባ ነው። አንሥተው ሲይዙት በራሱ የሚወድቅ ከሆነ ላልቷል፤ በብርቱ ምት ብቻ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሴቴውን ይሰነጥቃል፤ ኮላውንም ጠርጎ ያወጣዋል።

ተማሪው በውድ እንጨት ላይ ከመሥራቱ በፊት በቁርጥራጭ ላይ ደጋግሞ ይለማመድ። የሠራውንም መጋጠሚያ በመካከሉ በመጋዝ ሰንጥቆ ውስጡን ይመልከት። ከውጭ የማይታየው ክፍተት በዚያን ጊዜ ይገለጣል፤ ከዚህ የተሻለ መምህርም የለም።

በኤሌክትሪክ መሣሪያ መሥራት

የኤሌክትሪክ ማሽን የእጅ ሙያን አይተካም፤ ያፈጥነዋል። እንጨትን በአራት ማዕዘኑ ቀጥ አድርጎ ለመላግ፣ በአንድ ልክ ለመሰንጠቅና ብዙ ጉድጓዶችን ለመቦርቦር ወደር የለውም። ነገር ግን ማሽን ልክን እንደሚደግም ሁሉ ስሕተትንም ይደግማል። የክብ መጋዙ መምሪያ 1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ አንድ ወንበር ሳይሆን መቶ ወንበር ይበላሻል። ስለዚህ ማሽኑ በተስተካከለ ቁጥር በቁርጥራጭ እንጨት መፈተን ደንብ ሊሆን ይገባል።

አደጋውንም ማቃለል አይገባም። ክብ መጋዝ እንጨቱን ከኋላ ጥርሱ ይዞ ወደ ሠራተኛው በብርቱ ሊወረውረው ይችላል። ይህን ለመከላከል ከስለቱ በስተኋላ የሚቆመውን የብረት መለያና የላይኛውን ሽፋን አለመንቀል፣ ጠባብ እንጨትንም በእጅ ሳይሆን በመግፊያ ዘንግ መግፋት ያስፈልጋል። ጓንት፣ ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ልብስ በሚሽከረከር ስለት አጠገብ የተከለከሉ ናቸው። ስለት ሲለወጥም መሰኪያው መነቀል አለበት። የእንጨት ብናኝ እንደ ተራ ትቢያ መታየት የለበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ1987 ዓ.ም. በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታል። ብናኝ መሳቢያና የአፍንጫ መሸፈኛ ከማሽኑ ጋራ አብረው ሊታሰቡ ይገባል።

ለመሣሪያና ለኮላ አስመጪዎች

የእንጨት መሥሪያ ማሽን ለሚያስመጡ ነጋዴዎች የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በ110 ወይም በ120 ቮልት ለሚሠራ አገር የተዘጋጀ ማሽን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ቮልቱ በትራንስፎርመር ቢስተካከል እንኳ፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ የተለመደ ሞተር በ50 ኸርዝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። ከፍ ያሉት ማሽኖች 380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ስለሚጠይቁ፣ ገዢው ይህ መስመር ያለው መሆኑን ከሽያጭ በፊት መጠየቅ ይገባል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማብሪያው ሳይጠፋ የቀረ ማሽን በራሱ ይነሣል፤ በዚያን ጊዜ እጁን በስለቱ አጠገብ ያኖረ ሠራተኛ ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ኃይል ሲቋረጥ ራሱ ወርዶ፣ ሠራተኛው ዳግመኛ ካልተጫነው የማይበራ ማብሪያ ያለውን ማሽን መርጦ ማዘዝ የሰው አካል ማዳን ነው። መለዋወጫ ስለት፣ ቀበቶና የሞተር ካርቦንም አብሮ ያላመጣ አስመጪ የሸጠው ማሽን በአንድ ዓመት ውስጥ ማዕዘን ይዞ ይቀመጣል።

ኮላን በተመለከተ፣ የተለመደው ነጭ ኮላ ለቤት ውስጥ ሥራ እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውሃ ያደክመዋል፤ በረዶ ቢነካውም ይበላሻል። የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ ስለ ሆነ ቀኑን ሳያዩ መረከብ አይገባም። ለደጅ በርና ለመስኮት ውሃ የሚቋቋመው ዐይነት ይመረጣል። ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው የጥንቱ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚላቀቅ፣ ሊጠገን ለታሰበ ዕቃ እስከ ዛሬ ዋጋ አለው። ማንኛውም ኮላ ቢሆን በስሱ ተቀብቶና በሞርሳ ተጠብቆ መድረቅ አለበት፤ ነጭ ኮላ የተቀባ ወንበርም አንድ ቀን ሳይሞላው ሊቀመጡበት አይገባም።

በትእዛዝ ወረቀት ላይ ምን ይጻፍ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለነጋዴው ጥቅም የሚሰጠው በጽሑፍ ሲሰፍር ነው። «ሃያ ወንበር፣ ጥሩ ሥራ» የሚል ትእዛዝ ለማንም ዋስትና አይሆንም፤ «ጥሩ» የሚለው ቃል በሦስት ሰዎች ዘንድ ሦስት ትርጉም አለው። በእርሱ ፈንታ የሚከተሉት ነጥቦች ቢጻፉ ክርክር ይቀንሳል።

1ኛ/ የእንጨቱ ስም፣ ሕጋዊ ምንጩና የእርጥበቱ መጠን፤ ለምሳሌ «ሥራው ሲጀመር ከመቶ 12 እጅ የማይበልጥ»።

2ኛ/ የመጋጠሚያው ዐይነት በየክፍሉ፤ «እግርና አግዳሚ በወንዴና ሴቴ፣ መሳቢያ በወፍ ጅራት»።

3ኛ/ የኮላው ዐይነትና የሚደርቅበት ጊዜ።

4ኛ/ የጠረጴዛው ፊት የሚያያዝበት መንገድ፤ «በስፋቱ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ»።

5ኛ/ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ነጋዴው ወይም ወኪሉ ዕቃውን የሚመረምርበት ቀን።

6ኛ/ አንድ ክረምትና አንድ በጋ የሚያካትት የዋስትና ጊዜ፤ መጋጠሚያ የሚፈተነው በሁለቱ መካከል ነውና።

ከእነዚህ ሁሉ አምስተኛው ነጥብ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። ዕቃው ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚደረግ ምርመራ የሚያሳየው ቀለሙን ብቻ ነው። በምርመራውም ቀን ወንበሩን በተስተካከለ ወለል ላይ አቁሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን መጫን፣ መሳቢያውን አውጥቶ ማዕዘኑን ማየት፣ በትከሻው ላይ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለመኖሩን መሞከር ይገባል። ይህ ምርመራ ለአንድ ወንበር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እንዲህ ያለው ትእዛዝ ዋጋውን ጥቂት ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል የታወቀ ነው። ደረቅ እንጨት ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ምላስ አውጥቶ ማጋጠምም ምስማር ከመምታት ይልቅ ይዘገያል። ነገር ግን ተመልሶ የመጣ አንድ ጠረጴዛ የማጓጓዣውን፣ የመጠገኛውንና የደንበኛውን ኪሣራ ይዞ ስለሚመጣ፣ የብዙ ጠረጴዛዎችን ትርፍ ይበላል። ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ አናጢም እስከ ዛሬ ከምስማር መቺው ጋራ በአንድ ዋጋ ሲወዳደር የቆየው፣ ልዩነቱን የሚጠይቅ ገዢ ስላጣ ነው። ነጋዴው በወረቀት ላይ መጠየቅ በጀመረ ጊዜ ሙያተኛው ዋጋውን ያገኛል፤ ወጣቱም ሙያውን ለመማር ይተጋል፤ ከውጭ ለሚመጣው ዕቃ የሚወጣው ገንዘብም ከፊሉ በአገር ውስጥ ይቀራል። የዚህ ሁሉ መጀመሪያ ግን በሚቀጥለው ትእዛዝ ወረቀት ላይ የሚጨመሩ ስድስት መስመሮች ናቸው።